ባይሳና የመሬት ውስጡ ባቡር

በስደት በምንኖርበት በዚህ የፈረንጅ ከተማ ድሮ በየመንገዱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነበር ይላሉ። በፈረንጆች 1954 ሐዲዱን ነቅለው አውቶቡስ ተኩ። እንደገና ባቡር ለመዘርጋት ሃምሳ ዓመት ፈጀ።

ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን የሆነው ባይሳ፣ ባቡሩ በአውሮፕላን ማረፊያው ሥር የሚያልፍበት ዋሻ ሲቆፈር አሸዋውን በከባድ መኪና ያወጣ ነበር። አሸዋው እንደ ስኳር ነጭ ነው። ጫማው ላይ ተጣብቆ ስለሚመጣ ሚስቱ ሜቲ በር ላይ ታስወልቀዋለች። ቁፋሮው አልቆ አውቶቡስ ነጂ ሆነ፤ የባቡር ነጂ ሲፈለግ ግን ቀድሞ ተመዘገበ።

«አሸዋውን ያወጣሁት እኔ፣ ሌላ ሰው ሊነዳበት?» አለን።

ባቡር መሪ የለውም። ነጂው አጥብቆ የሚይዘው እጀታ አለ፤ ከለቀቀው ባቡሩ በራሱ ይቆማል። ነጂው ድንገት ቢታመም ሰው እንዳይጎዳ ነው።

ባለቤቴ አቶ ሳህሉ ያን ጊዜ የመሬት ውስጡን ጣቢያ ያጸዱ ነበር፤ ገና አልተከፈተም። አንድ ቀን ባይሳ ከአሰልጣኙ ጋር ሲለማመድ፣ ባቡሩ ከዋሻው ብቅ ሲል አቶ ሳህሉን መጥረጊያ ይዘው ቆመው አያቸው። ሳያስበው ብድግ አለ። እጁ እጀታውን ለቀቀ፤ ባቡሩም ተንገጫግጮ ጣቢያው መግቢያ ላይ ቀጥ አለ።

«ምን ሆንክ?» አለ አሰልጣኙ።

«አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ተቀምጬ ልለፋቸው?»

አሰልጣኙ አልሳቀም። ሰኞ ፈተና ነው፤ ይህን ከደገመ ወደ አውቶቡሱ ይመለሳል።

እሁድ ባይሳ ከሜቲ ጋር ቤታችን መጣ።

«ጋሽ ሳህሉ፣ እባክዎ ነገ ከዓምዱ ኋላ ይሁኑልኝ።»

«ከአለቃዬ ያልተደበቅሁ ካንተ ልደበቅ?»

«ካየሁዎት እግሬ አይታዘዘኝም።»

«እንግዲያው ሜቲ ከወንበሩ ጋር ትሰርህ!»

«ገመድ አላጣም» አለች ሜቲ። ሁላችንም ሳቅን። ባይሳ ግን ሻዩን እንኳ አልቀመሰም።

ሰኞ አቶ ሳህሉ ጭራሽ አልተደበቁም። ባቡሩ መብራቱን አብርቶ ሲመጣ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ነጂው በደንብ በሚያያቸው ቦታ ቆሙ። መዳፋቸውን ወደ ታች እያወረዱ «በእግዜር! በእግዜር፣ ተቀመጥ!» አሉ። ድምፃቸው በመስታወቱ አያልፍም፤ እጃቸው ግን ይታያል። ባይሳ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። እጀታውን እንደያዘ አንገቱን ብቻ ዝቅ አደረገ። ባቡሩም ያለ ምንም መንገጫገጭ መቆሚያ ምልክቱ ላይ ቆመ።

«ሰውዬው ምን እያሉህ ነው?» አለ አሰልጣኙ።

«ተቀመጥ እያሉኝ ነው።»

«ጥሩ ሰው ናቸው። የሚሉህን ስማ።» ወዲያው ወረቀቱ ላይ ፈረመለት።

በታኅሣሥ መስመሩ ሲከፈት ባይሳ ደንብ ልብሱን ለብሶ ነዳ። አቶ ሳህሉም ሻንጣ የሚጎትተውን መንገደኛ ሁሉ እያስቆሙ «ነጂው የኛ ልጅ ነው» ይሉ ነበር፤ ያውም በአማርኛ። መንገደኛው ፈገግ ብሎ፣ ራሱን ነቅንቆ ይሳፈራል።