የቤቱን ዘር ስቆጥር

ዐረብ አገር የሰው ቤት ስጠርግ ኖሬ፣ ደብረ ታቦር ስመለስ ለእናቴ ቤት ገዛሁላት። ቤቱ አሮጌ ነው፤ የጽድ ምሰሶውን ግን ዛሬም ምስጥ አልደፈረውም። ዕድሜዋን ሙሉ በኪራይ ስለኖረች እናቴ አንድ ምኞት ብቻ ነበራት፦ የማርያም ማኅበሯን በገዛ ቤቷ ማብላትና ማጠጣት።

ተራዋ ሲቃረብ ማኅበርተኞቿ አንድ በአንድ ሰበብ ያመጡ ጀመር። አንዷን ቁርጥማት ያዛት፣ የሌላዋ ላም ልትወልድ ነው። ሙሴው፣ የማኅበሩ ሹም ማለት ነው፣ ጭራሽ ተራው ይለፋት አሉ። በዚያ በሚያፈስ ኪራይ ቤታችን ጉልበት ለጉልበት ተጋፍተው ሲጠጡ አንዳቸውንም ራሳቸውን እንኳ አሟቸው አያውቅም። አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ። ኋላ ጎረቤታችን በጓሮ በኩል ጠርታ ሹክ አለችኝ፤ ቤቱ የቡዳ ቤት ነው፣ የጥንቱ ባለቤት ሰው ይበላ ነበር ይባላል አለች።

እናቴ ስነግራት ሳቀች። የምቀኛ ወሬ ነው፤ ሂጂና አጣርተሽ ንጹሕ ቤት መሆኑን አስረጅልኝ አለችኝ። እኛ አገር ለጋብቻ የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔ ጉደኛዋ የቤት ዘር ልቆጥር ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ቤቱን ወደሸጡልኝ ጡረተኛ መምህር ነው። ቡዳ የሚባል ነገር በሳይንስ የለም ብለው ረጅም ትምህርት ሰጡኝ። ትምህርቱ ሲያልቅ፣ እዚያ ቤት ሳሉ ልጆቻቸውን ክታብ ሳያስሩላቸው አስተኝተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ድንቄም ሳይንስ። ለእሳቸው የሸጠውን የቅቤ ነጋዴ ሐሙሲት ገበያ ላይ አገኘሁት። እሱ ደግሞ ወሬውን ጠቅሶ በርካሽ እንደገዛ፣ ሲሸጥ ግን ወሬውን ዋጥ አድርጎ በውድ እንደሸጠ እየሳቀ አጫወተኝ። የሚያፍር ፊት አልፈጠረበትም። ቤቱን የሠራው ሰውዬ ሞቷል፣ ልጁ ግን አንበሳሜ አለች አለኝ።

አንበሳሜ ስደርስ አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ገብስ አስጥተው ዶሮ ይከለክላሉ። የየትኛው ቤት ባለቤት እንደሆንሁ ስነግራቸው ዶሮውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ብረት የሚቀጠቅጥ ደግሞ ቡዳ ነው ይላሉ» አሉኝ። «የዚያ አገር ማረሻ ሁሉ ከእሱ እጅ ነው የወጣ። በእሱ ማረሻ አርሰው እየበሉ፣ እሱን በላን አሉት።»

አንድ የጎረቤት ሕፃን በሳል ሲሞት ሰዉ ወጥቶ ጣሪያቸውን በድንጋይ ወገረው። አባትየውም ቤቱን ባገኘው ዋጋ ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ ወጣ። ይኸው ነው ታሪኩ።

በሚኒባስ ስመለስ ደሜ ይፈላ ነበር። ቀጥቃጩ የማኅበርተኞቹን አባቶች ያበላ ሰው ነውና ይህን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፣ ያፍራሉ፣ እናቴም ቀና ብላ ትደግሳለች አልሁ። ቤት ገብቼ ከአሮጊቷ የሰማሁትን ሁሉ ለእናቴ አወራሁላት። በላተኞቹስ እነሱ ናቸው ብዬ ጨረስሁ።

እናቴ አልሳቀችም።

«እውነትም ቀጥቃጭ ኖሯል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ። ታዲያ ምን አለበት?»

«ምናለ ዋሽተሽኝ ቢሆን» አለችኝ። «እኔ እኮ የላክሁሽ እንዲህ ብለሽ እንድትመጪ አልነበረም።»

ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ጎረቤታችንን ለምና ሳሎኗን ለአንድ ቀን ተዋሰች።

ማኅበሩ እዚያ ተደረገ። ጠላው የተጠመቀው፣ ዳቦው የተደፋው ግን በእኛው ቤት፣ በቀጥቃጩ ጓዳ ነው። ይህንን አንድም ሳይቀር ያውቃሉ፤ እኔ በአጥሩ በኩል ስመላለስ እያዩ ነበራ። ቡዳው አጥር አይዘልል ይሆናል። ቁርጥማቱም ለቀቀ፣ ላሚቱም በሰላም ወለደች፣ ሁሉም መጡ። ጠላውን እንዴት ያለ ነው እያሉ ጨለጡት፤ ሙሴውማ ደጋግመው አስቀዱ።

በመጨረሻ ሙሴው ሊመርቁ ተነሡ። እኔ ባዶውን እንስራ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እጃቸውን ወደ ጎረቤታችን ጣሪያ ዘርግተው ይህን ቤት ይባርክልን፣ ክፉ አይግባበት አሉ።

ከሁሉም ቀድማ አሜን ያለችው እናቴ ናት።