የልክነሽ ችካል

ልክነሽ ከገረሴ ደጋ ወርዳ አርባ ምንጭ ዳር ከተዳረች ጀምሮ ሰው አታምንም። ሙዝ ስትሸጥ ሚዛኑን ራሷ ካልያዘች፣ መድኃኒት ስትገዛ ማሸጊያውን ካላገላበጠች ልቧ አያርፍም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለእሷ ነው እያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። ባሏ ሲሞት የቀረላት ወደ አባያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለው የማንጎ ማሳ ብቻ ነው፤ ልጆቿን ያሳደገችውም በእሱ ነው። ታዲያ ብትጠረጥር ምን ይገርማል?

አንድ ጠዋት የማዘጋጃ ቤት ቀያሾች መጥተው በማሳዋ የላይኛው ጫፍ፣ ከአጥሯ ውስጥ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። ስትጠይቃቸው ስለ ከተማው አዲስ ፕላን ስብሰባ ይጠራል ብለዋት ሄዱ። ይኼ መልስ ነው? ከዚያ ደግሞ ከእሷ በታች፣ በሐይቁ በኩል የሚያርሱት ጋሽ ገብረ ማርያም ከቀያሾቹ ጋር ሻይ ሲጠጡ አየች። አለቀ። ሽማግሌው የራሳቸውን አትርፈው የእሷን መሬት አሳልፈው እንደሰጡ በልቧ ፈረደችባቸው። በሁለቱ ማሳ መካከል ያለችውን አቋራጭ መንገድ በእሾህ ዘጋች፤ ሰላምታም ነፈገቻቸው።

ይኼም አልበቃትም። እሁድ ጠዋት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ችካሉን ነቅላ ማሳዋን አቋርጣ ወሰደችና በእሳቸው መሬት ላይ ተከለችው። በጋሞ ምድር ድንበር መንካት ጎሜ ነው፤ የነካ ሰው መዘዙ ለልጆቹ ይተርፋል ይባላል። ይህን እያወቀች አልተወችውም።

በስብሰባው ላይ የፕላን ባለሙያው ናትናኤል ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አስረዳ። ከተማው ወደ ሐይቁ እየገፋ እርሻውን እንዳይውጠው ወሰን ተበጅቶለታል። ከቀዩ ችካል በላይ ያለው ለመንገድና ለቤት ይመነጠራል፤ ከችካሉ በታች ያለው እርሻ ሆኖ ይቀራል። ዶዘሩም ችካሉን እያየ ዛሬውኑ ሥራ ይጀምራል አለ።

ለልክነሽ ያኔ ገባት። ማንጎዋን በገዛ እጇ ከተማ አስገብታዋለች። ሰው ሳይጠረጥር ይመነጠራል፣ እሷ ጠርጥራ ልትመነጠር ነው።

ነጠላዋ ሲወድቅ ሳታነሳው ሮጠች። ስትደርስ ዶዘሩ ከላይ እያጓራ ነው፤ ችካሉ ግን በቀድሞ ቦታው፣ በማሳዋ ጫፍ ቆሟል። ዙሪያው ያለው አፈር ገና ትኩስ ነው። ጋሽ ገብረ ማርያም ዶማቸውን ተደግፈው አጠገቡ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ ጋሼ» አለች።

«አውቃለሁ። ችካሉ ለማን እንደሚያደላ አላውቅም፤ ቦታው ግን ያ አልነበረም። ድንበር የነቀነቀ ብቻ አይደለም፣ አይቶ ዝም ያለም ጎሜ አለበት።»

አፈረች። ያም ሆኖ ከቀያሾቹ ጋር ምን ሲማከሩ እንደነበር ሳትጠይቅ አላለፈችም። ቀያሾቹን ፀሐይ ስለመታቸው አዝነው ሻይ እንደጋበዟቸው ነገሯት። ልክነሽ ወርዳ የመንገዱን እሾህ በባዶ እጇ ታነሳ ጀመር። ከመውረዷ በፊት ግን ችካሉን ነቅነቅ አድርጋ አይታዋለች።