ሁለቱ ሰርቨሮችና የዓሣ አጥማጁ ሚስት

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ኮምፒዩተር ክፍል ነው። የሕሙማኑ መረጃ ሰርቨር በሚባሉ ሁለት ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ይያዛል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ወዲያው ሥራውን እንዲረከብ ተጣምረዋል። በኔትወርኩ እየተላላኩ ሁልጊዜ «አለሁ፣ አለሁ» ይባባላሉ። አንዱ የሌላውን ድምፅ ካጣ ሞቷል ብሎ ቦታውን ይይዛል።

ክረምቱ ሲወጣ ሁለቱም ደኅና ሳሉ ቦታ መነጣጠቅ ጀመሩ። እኔና ባልደረባዬ በኔትወርኩ የሚያልፈውን እየቀዳ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም በሁለቱም ላይ ጫንን። የሕሙማን ምስጢር እንዳይነበብ ደግሞ የእያንዳንዱን መልእክት ላኪና ተቀባይ ብቻ እንዲቀዳ አደረግነው። ባልደረባዬ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አስተያየችና፣

«ይኸው፣ መልእክቱ ከዚህ ወጥቷል። እዚያ ግን አልደረሰም» አለች።

መሐል ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኘው ስዊች የሚባለው ዕቃ ተበላሽቶ መልእክቱን እየዋጠው ነበር። ሁለቱም ዋናው እኔ ነኝ እያሉ መረጃው በሚቀመጥበት በጋራ ዲስካቸው ላይ ሲጽፉ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ያጠፋል። አዲስ ስዊች እስኪገዛ አንዱን እናጥፋው ብለን ኃላፊያችንን ለመንን።

«ሁለት የተገዛው ሁለቱም እንዲሠሩ ነው» አሉን። ጉዳዩ በዚያው ቀረ።

በዚያ ሰሞን ከሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መጡ። ሚስታቸው ጡታቸው ላይ እብጠት ወጥቶባቸው በመርፌ ናሙና ተወስዶላቸዋል። ላቦራቶሪው ውጤቱን በቀጥታ ኮምፒዩተር ላይ አስገብቻለሁ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም ይላል፤ ሐኪሙ ዘንድ ግን የለም። የተረፈ ናሙናም አልነበረም። ሲያመላልሷቸው ሰንብተው እኔ ዘንድ ላኳቸው።

የቀዳነውን ከፍቼ ፈለግሁ። ውጤቱ ከላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ተነሥቶ አንዱ ሰርቨር ደርሷል፤ ዲስኩ ላይ ግን ሌላው ጽፎበት አጥፍቶታል። እኛ በቀዳነው ላይ ላኪው አለ፣ ተቀባዩ አለ። ጽሑፉ የለም።

«አገኘኸው ልጄ?»

«መላኩን አየሁ አባቴ። ምን እንደሚል ግን አይታይም።»

«ደግ ነው ክፉ? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«አላውቅም አባቴ። እንደገና ናሙና መስጠት አለባቸው።»

ስክሪኑን አዩት። «ስንት ለምኛት መሰለህ ያመጣኋት። መርፌውን እንዴት እንደፈራችው! ዳግመኛ እሺ አትለኝም» አሉና ወጡ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው፤ አስቡበት እንጂ አልኋቸው።

ስዊቹ የተገዛው ከወራት በኋላ ነው። ሰርቨሮቹ ጸጥ አሉ፤ ኃላፊያችንም በስብሰባ ላይ አመሰገኑን። ባልደረባዬ ቀና ብላ አላየችም። የጠፋው ሁሉ እንደጠፋ ቀርቷል፤ የስንት ሰው እንደሆነ ዛሬም አናውቅም።

አንድ ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ሽማግሌው ጀልባቸውን እየጠገኑ አገኘኋቸው፤ ወዲያው ለዩኝ።

«ያ ነገር ተገኘ?» አሉኝ።

«አልተገኘም።»

«ቀበርናት እኮ።»

«አላህ ይዘንላቸው» አልኋቸው። መዶሻቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ዞሩ።