በእኔ በኩል ያለፈ ኩርፊያ

እናቴ አባቴን ካኮረፈች አሥራ አንደኛ ወሯ ነበር። ምክንያቱ ሣር ነው። አባቴ ጓሳ የሚባለውን የአገራችንን የጋራ የሣር መሬት ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ፤ ሣሩ እንዲያገግም በተዘጋበት ጊዜ ያጨደ ሰው ይቀጣል። አንድ ቀን ተይዞ የቀረበው አጫጅ የእናቴ ወንድም ሆኖ ተገኘ። አባቴ ዓይናቸውን ሳያሹ አንድ ሙክት ፈረዱበት። "ሕግ ሕግ ነው" አሉ። ቤት ገብተውም ይህንኑ ለእናቴ ደገሙላት፤ ወይ አለማወቅ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱም ቃል የሚያልፈው በእኔ በኩል ሆነ፤ ታላላቆቼ አግብተው ወጥተዋል። "አባትሽን በያቸው፣ ከበሉ ይብሉ፣ ካልበሉ ለውሻው እሰጠዋለሁ" ትላለች፣ እሳቸው እዚያው አጠገቧ ተቀምጠው። እኔም "አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል ትላለች" እላለሁ። ዋናውን በገዛ ጆሯቸው ሰምተው ሳለ የእኔን ብቻ እንደሰማ ሰው ሆነው "እግዜር ይስጥልኝ በያት" ይላሉ። ደግሞ እኮ አባቴ የታወቁ አስታራቂ ናቸው! ባልና ሚስት ሲጣሉ ከሩቅ፣ ከቀየት ድረስ ፈረስ ይላክላቸዋል። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ማለት ይኼ ነው። ለእሳቸውስ ማን ደፍሮ ሽማግሌ ይላክ?

ነገሩ የባሰብኝ ለመምህርነት ልማር ደብረ ብርሃን ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። እኔ ከሄድኩ እነዚህ ሰዎች ዝም እንደተባባሉ ሊሞቱ ነው ብዬ ፈራሁ። ትምህርቱ ይቅርብኝ እስከማለት ደርሼ ነበር። ተናድጄባቸውም ነበር፣ አልዋሽም፤ እኩዮቼ የፍቅር ደብዳቤ ሲጽፉ እኔ "ጨው አልቋል" አመላልሳለሁ።

መሐል ሜዳ ከተማ ፊልም የሚያከራየውን ሰውዬ "የባልና ሚስት ኩርፊያ ያለበት፣ ግን የሚያስቅ" ብዬ ጠየቅሁት። የሰጠኝ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ታሪክ ነበር። ባልየው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ የሚስቱ ወንድም ፈተና ስለወደቀ አልቀጥረውም ይላል፤ ሚስት ታኮርፋለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አባቴ ራሳቸውን አይተው ያፍራሉ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከፈትኩት። አባቴና ጎረቤታችን የሆኑ ሌላ ሽማግሌ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ እናቴ ጓዳው በር ላይ ምስር ትለቅማለች። ገና ሩቡ ሳይሄድ አባቴ ከዘራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው "አቁሚው!" አሉኝ። ሽምግልና ተቀመጡ! ሁለቱ ሽማግሌዎች ባልየውን ገሠጹት፣ የሚስቲቱን በደል አንድ በአንድ አነሱላት፤ በመጨረሻ አባቴ ፈረዱ።

"ጥፋቱ የባል ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። የሚስቱን ወንድም ቢቀጥርላት ሰማይ ይደፋ ነበር? ሙክት ይዞ ይቅርታ ይጠይቃት!"

ፊታቸው ላይ የእፍረት ምልክት የለም። አለቀልኝ አልኩ።

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። "እንዴ! ለከተሜው ዘመድ ከዘመዱ ይሉለታል፣ የእኔን ወንድም ግን ለአንድ ሸክም ሣር ሙክት ያስነዱታል?"

ጎረቤታችን ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አባቴ ከልማድ የተነሳ ወደ እኔ ዞሩ፤ "እናትሽን በያት..." ብለው ጀመሩና አፋቸው ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ።

"ያ ቴአትር ነው። ይኼ ጓሳ ነው።"

"ጓሳ ቢሆንስ?"

ተጀመረ! አሥራ አንድ ወር የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። ፊልሙን ማንም መልሶ የከፈተው የለም፤ ባልና ሚስቱ ይታረቁ ይፋቱ እስከ ዛሬ አላውቅም። የእኔዎቹም ታረቁ ማለት አልችልም፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ፊት ለፊት ይጨቃጨቁ ነበር። እኔን ግን "በያቸው" የሚለኝ ጠፋ።

የምሄድ ዕለት ሁለቱም መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። የአውቶብሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ እስኪያዩኝ ጠበቅሁ።

"ወንድሜ እኮ ቤቱ እያፈሰሰበት ነበር" ትላለች እናቴ፣ "ለክዳን ነው ያጨደው።"

"ታዲያ ምነው ለእኔ ሳይነግረኝ? የራሴን ሣር ተሸክሜ ሄጄ እከድንለት አልነበር?"

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። "እውነትዎን ነው?"

"መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

አውቶብሱ ተነሳ። እጄን አውለበለብኩ፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። "እማዬ!" ብዬ ልጣራ አፌን ከፈትኩና፣ እንዳላቋርጣቸው ፈርቼ ዝም አልኩ።