ገብስ የሌለበት ጥግ

ጥሬ ድንች ሲቆረጥ የሚወጣው የአፈር ሽታ እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። ልጆቼ ነገሩ አይገባቸውም። ቢላዋ ባነሳሁ ቁጥር እዚያ አሰላ ኮሌጅ፣ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያውን በሚደበድብበት ክፍል ውስጥ ነኝ።

የሒሳብ መምህራችን ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ብርዱንም እኛንም የጠላ ሰው ነበር። እኔን ደግሞ ለይቶ። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ፣ ባለው መሬትና ማዳበሪያ ትልቁን ትርፍ የሚፈልገው ሒሳብ፣ አንዴ ጥሎኛል፤ ድጋሚ ከወደቅኩ አባቴ ወደ አገራችን ወደ ጎበሳ መልሶ ሱቅ ሊያስገባኝ ቆርጧል።

አንድ ቀን ትልቅ ድንችና ቢላዋ ይዞ ገባ።

"ስንዴ፣ ባቄላ፣ ገብስ። ሦስቱን ሰሌዳ ላይ መሳል ካቃታችሁ ይኼን እዩ!"

ከዜሮ በታች አይዘራም ብሎ ለየሰብሉ አንድ አንድ፣ ሦስት ጎን ጠረበ። መሬቱ ይኼው ነው ብሎ አንድ፣ ማዳበሪያው ይኼው ነው ብሎ ሌላ ገመሰ። የተረፈው ድንች ልንዘራ የምንችለው ሁሉ ነበር። ገብስ ዜሮ በሆነበት ጎኑ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ዞረብኝ።

"አንቺ፣ ትልቁ ትርፍ የቱ ጋ ነው? ዛሬ ካልመለስሽ ፈተናውን እርሺው።"

እኛ ቤት ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የሚዘራው፤ ውርጭ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፋል። መሃሉን ነካሁ።

"ይኼ ፍርሃት እንጂ ሒሳብ አይደለም!"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ የየሰብሉ ትርፍ በሚያዘው ልክ ደብተሩን አጋድሞ ከጎን አስጠጋው። መጀመሪያ የነካው ከታች፣ ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን ጥግ ነበር፤ ትልቁ ትርፍ እዚያ ነው። ገባኝ። ንዴቴ ሳይበርድም ገባኝ።

"ገብስ የለበትም፣ ቲቸር" አልኩ።

"አያዋጣማ።"

"ታዲያ ምን እንብላ? እርስዎ ትርፍ ይበላሉ?"

ቢላዋውን ከእጁ ነጠቅኩት። "ለቤት የሚበቃ ገብስ ግዴታ ነው!" ብዬ ድንቹን ከሥሩ ዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት። የሚኮራበት ጥግ አብሮ ወደቀ።

ያባርረኛል ብዬ ጠበቅኩ። ደብተሩን እንደገና አስጠጋ፤ ገብስ ያለበት አዲስ ጥግ ነካ።

"ፈተናው ላይ እንዳትቀሪ" አለኝ፣ ፊቱን ሳይፈታ። የቆረጥኩትን ስባሪ ግን አንስቶ ካፖርቱ ኪስ ከተተው።

አለፍኩ። እሱም በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ፤ ደህና ሁን እንኳ አላልኩትም። ይጠላኛል፣ እኔም እጠላዋለሁ፣ አለቀ።

ባለፈው ሳምንት ማረፉን ሰማሁ። "ነፍስ ይማር" አልኩ፣ በግድ። ለምሳ ድንች ስቆርጥ ግን እጄ ቆመ። አንዷን ስባሪ ድስቱ ውስጥ መጨመር አቃተኝ።