በሁዳዴ ስለምን ውሃ እንደምጠጣ

በጀርባዬ ወድቄ ሳለሁ አንድ ጎረቤቴ እግሬን በሁለት እጁ ይዞ ሲያቃና አየሁ። አየሁ እንጂ አልተሰማኝም። የሕመሜ የመጀመሪያ ምልክት ይኸው ነው። ወገቤ ይፋጃል፤ ከእምብርቴ በታች ያለው ግን የሌላ ሰው ገላ ሆኖብኛል።

ወሩ ግንቦት ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ቤቴን ለመክደን ጎረቤቶቼን በወንፈል ጠርቼ ነበር። እኔ በጋይንት፣ በቤተ ልሔም የድጓ መምህር ነኝ፤ ጣሪያ ላይ መውጣት ሥራዬ አይደለም። ነገር ግን ሰው የሠራውን ሳላርም መቀመጥ የማልችል ነዝናዛ ሰው ነኝ። ሣሩን የሚከድኑትን ከታች ሆኜ «ይህ ያፈሳል፣ ያ ይጎብጣል» ስል ቆየሁና አልበቃኝ ብሎ ወጣሁ። ማገሩ ተሰበረ። ከታች የድንጋይ ካብ ነበር።

ያን ዕለት የሠራነውን ስሕተት ልጻፈው፤ ሌላው እንዳይደግመው። ጎረቤቶቼ ደንግጠው አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በእግሬ ይዘው አንሥተው ወደ ቤት አስገቡኝ። ጀርባዬ መሐል ላይ ታጠፈ። ወጌሻ መጥቶ ወገቤን አሸ። ማታ ደግሞ ባለቤቴ ስንዱ እግሬን ብትነካው እንደ በረዶ ቀዘቀዘባት። ድንጋይ አግላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ከተረከዜ ሥር አደረገችልኝ። እኔ ዳዊት እደግማለሁ። አልጮህሁም። የሚያስጮኸኝ ነገር አልነበረም። ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ድንጋዩን አነሣችው። የተረከዜ ቆዳ አብሮ ተነሣ።

ስንዱ እስከ ዛሬ በዚያ ድንጋይ ትጸጸታለች። እኔ ግን አልፈርድባትም። የበረደውን ማሞቅ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ያላወቅነው ቆዳዬ «ተቃጠልሁ» ማለት እንደማይችል ነው።

ጎረቤቶቼ በአልጋ ተሸክመው፣ እየተቀባበሉ፣ በሦስት ቀን መንገድ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አደረሱኝ። የመዳፍ ያህል ቁስል ከወገቤ በታች ይዤ ነው የደረስሁት፤ አልጋው ላይ የተነጠፈው ቁርበት ቆዳዬን ፈቅፍቆት ነበር። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። ራጅ አስነሥቶ ካየ በኋላ ካጠገቤ ተቀመጠና በአስተርጓሚ ነገረኝ።

«ኅብለ ሠረሠርዎ ተጎድቷል። ይህን ፓራፕሌጂያ እንለዋለን። እግርዎ አይመለስም።»

ሐኪሙ ቀጠለ።

«እንዲህ የተጎዳ ሰው በእግሩ አይሞትም። የሚሞተው በመኝታ ቁስልና በኩላሊት ነው። ሁለቱንም መከላከል ይቻላል፤ የሚከላከሉትም እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ።»

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ስንዱ ግን ሁሉንም ሰምታ ነበር።

ሦስት ወር ተኛሁ። ሽንቴ ካቴተር በሚሉት የላስቲክ ቱቦ ይወርዳል። ስንዱ ቁስል ማጠብ፣ መገልበጥ፣ ቆዳዬን በየጠዋቱ መመርመር ተማረች። ሐኪሙ በአንድ ጎን ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳልተኛ አዘዘ። ቤታችን ስንመለስ ግን ሰዓት የለም። ስለዚህ ቀን ቀን በዳዊት ተቆጣጠርሁት፤ የዕለቱን ሁለት ጊዜ ደግሜ ስጨርስ «ስንዱ፣ ደረሰ» እላለሁ፣ መጥታ ታዞረኛለች። ማታ እሷና እኅቷ ይፈራረቃሉ። ቁርበቱን አውጥተን በጭድ በተሞላ ፍራሽ ላይ አጎዛ ደራርበን አነጠፍን። ሆዴ እንዳይደርቅ ተልባ እጠጣለሁ፤ ለመጸዳዳትም በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ለይተን ያዝን። ከሐኪም ቤት ሳንወጣ፣ ቱቦው ከወጣልኝ በኋላ፣ ሽንቴን የምናስወጣበትን ዘዴ ሐኪሙ አሳየን። ዘዴው እንደ ሰዉ ጉዳት ስለሚለያይ ከሐኪም ፊት ሆነው ይማሩት እንጂ ከጽሑፍ አይቅዱት። ለሁሉም የሚሆነው ትእዛዝ ግን አንድ ነው፤ ውሃ በብዛት መጠጣት። ለእኔ ትልቁን ቅል በቀን ሁለት ጊዜ ጨርሰህ ጠጣ ተባልሁ።

የጣስሁት ይህን ነው።

በመስከረም ቤቴ ገባሁ። ተማሪዎቼ ተመለሱ፤ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ዜማ ማስተማር ጀመርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምልክት እያሳየሁ ሳለ ሽንቴ አመለጠኝ። አላወቅሁትም። ያወቅሁት አንድ ትልቅ ተማሪዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅሉን እየተቀበልሁ ከንፈሬን ብቻ አርስበት ጀመር። ስንዱ ስትወጣ ውሃውን ሽታ እንዲያጠፋ ከአልጋው ሥር ወደተነሰነሰው አመድ እደፋለሁ።

የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። እንደ ቀድሞው ልጹም አልሁ፤ እስከ ሠርክ ከእህልም ከውሃም። ስንዱ ብትለምነኝ «ማኅሌት መቆም ቀረብኝ። ጾሜንም ልትወስጅብኝ ነው?» አልኋት። ምን ትበል? እኔም ይህን አውቄ ነው የተናገርሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ትኩሳት መጣ። ሽንቴ ደፈረሰ፣ ሸተተ። የማልሰማው እግሬ ብርድ ልብሱን እየወረወረ ይንፈራገጥ ጀመር። ስፓዝም ይሉታል። ስንዱ እግሬ ሊድን መስሏት አለቀሰች። ሊድን አልነበረም።

ከአርብ ገበያ ከተማ ድሬሰር የሚሉት የሐኪም ረዳት ተጠርቶ በበቅሎ መጣ። ፔኒሲሊን ወጋኝ። ባዶውን መርፌ እያጸዳ እንዲህ አለኝ፦

«መሪጌታ፣ ኩላሊትዎ ነው። መርፌው የዛሬውን ያበርደው ይሆናል። ውሃ ካልጠጡ ግን በሚቀጥለው የምመጣው ለቀብር ነው።»

«ጾም ነው» አልሁት።

ስንዱን አየት አድርጎ ወጣ። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው። ወደ ገበያ የሄደች መስሎኝ ነበር፤ የነፍስ አባቴን ልትጠራ ኖሯል።

አባ ወልደ ትንሣኤ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሽማግሌ ናቸው። አሁንም እንደ ልጅ ነው የሚናገሩኝ። መደቡ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«ውሃ እንቢ አልህ አሉኝ።»

«የቀረኝ ጾሜ ነው፣ አባ።»

«ታመህ ጹም ያለህ ማነው? አንተ ራስህ ስንቱን በሽተኛ የነፍስ አባትህን ጠይቀህ ቅመስ ብለህ መልሰሃል።»

አባ በመቋሚያቸው ወደ አልጋዬ ሥር ጠቆሙ።

«ይሁን። ሁዳዴ የገባ በየካቲት ነው። ስንዱ ከአልጋህ ሥር ያለው አመድ በጥርም እርጥብ ነበር ትላለች። በጥር ምን ጾም ይዘህ ነው በየቀኑ የደፋኸው?»

አውቃ ኖሯል። ዝም ብላ አመዱን ስትለውጥ ኖራለች።

የዚያን ጊዜ ተናዘዝሁ። «ያመልጠኛል፣ አባ። ሰው ባለበት። ለሰው እሸታለሁ። ካልጠጣሁ አያመልጠኝም።» ከወደቅሁ ጀምሮ አላለቀስሁም ነበር። ያን ዕለት ተንሰቅስቄ አለቀስሁ፤ በአባ ፊት፣ በስንዱ ፊት።

አባ እስኪወጣልኝ ጠበቁ።

«እንግዲያ ይኼ ጾም አይደለም» አሉ። «ኀፍረትህን ነው ጾም ብለህ ስም ያወጣህለት። በእሱ ልትሞት ነው። ቀኖና እሰጥሃለሁ።»

ስግደት እንዳይሉኝ መስገድ አልችልም። መቶ ዳዊት ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እስከ ትንሣኤ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር፣ ከቀትር በፊት አንድ ቅል ሙሉ ውሃ ትጠጣለህ። ከቀትር በኋላም ሌላ። ሰው እያየህ ትጠጣለህ። ተደብቀህ የጠጣኸው አይቆጠርልህም።»

እስከዚያ ቀን ጾም ገድፌ አላውቅም ነበር። አባ ቅሉን ባርከው ሰጡኝ። ስንዱ ከሥሩ ደገፈችልኝ። ጠጣሁ።

ትኩሳቱ በአምስተኛው ቀን ለቀቀኝ፤ ድሬሰሩ መርፌውን እስኪጨርስ በየቀኑ እየተመላለሰ ሽንቴን በብርጭቆ አድርጎ ወደ ብርሃን ይዞ ያየዋል፣ እየጠራ ሲሄድም ጥሎሽ እንደመጣለት አማች ፊቱ ይፈታል። ስንዱ አሮጌ ነጠላ ቀድዳ፣ አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ ብዙ እራፊ አዘጋጀችልኝና በየጊዜው መለወጥ ጀመርን፤ ውሃ ስጠጣ ሽንቴ ስለሚቀጥን ሽታውም የፈራሁትን ያህል እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ተማሪዬ ሽታ ሸሽቶ ሳይሆን እኔ እንዳላፍር ብሎ እንደነበር ነገረኝ፣ እኔም አንድ በጋ ሙሉ በከንቱ ስቀየመው ኖሬ ኖሯል። ጎረቤቶቼ ከወንበር ጋር ሁለት አጣና አስረው፣ ከላዩ አጎዛ አንጥፈው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ያለው ወይራ ሥር ያደርሱኝ ጀመር፤ እዚያ ተቀምጬ ቅዳሴውን አስቀድሳለሁ፣ እጆቼን ወንበሩ ላይ ተክዬ በየጊዜው መቀመጫዬን ከፍ አደርጋለሁ፣ ደም እንዲዘዋወር።

ቀኖናዬንም እዚያው እፈጽማለሁ። የመጀመሪያው ዓርብ ሞት ነበር። በሁዳዴ ዓርብ ጠዋት፣ የድጓ መምህር፣ በቅጥር ግቢ ቅል አንሥቶ ውሃ ሲያንዶቀዱቅ አስቡት። አንዲት ባልቴት ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንዱ ደግሞ «ካህናቱ ከገደፉ እኛማ ሥጋ እንብላ» ብሎ እኔ እንድሰማው ለባልንጀራው ነገረው። ስንዱ ልትመልስለት ስትነሣ ያዝኋት። ጠጥቼ ጨረስሁ።

በሌላው ዓርብ ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ የመጣ አዱኛ የሚባል ገበሬ ከፊቴ ቆመ። ቅሉን አየ፣ እኔን አየ።

«መሪጌታ፣ በሁዳዴ?» አለኝ።

«በሁዳዴ። ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ወንድሜ በሬ ሲያባርር ከገደል ወድቆ እንደ እርስዎ ሆነ። አልጋ ከያዘ አራት ወሩ። ይጾማል፤ ውሃ ስንሰጠው የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው ይላል። ሰሞኑን ያተኩሰዋል። ጸሎት ይያዙልኝ ልልዎት ነበር የመጣሁ።»

የኔን ቃል ነበር የሚነግረኝ።

«ጸሎቱን እይዛለሁ» አልሁት። «አንተ ግን እዚህ አትቆይ። የነፍስ አባቱን ጥራ። ተሸክማችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። ከሁሉ በፊት ያየኸውን ንገረው።»

«ምን አየሁ ልበለው?»

ቅሉን ዳግመኛ አስሞላሁና እያየኝ ጠጣሁ።

ከትንሣኤ በኋላ ተመልሶ መጣ። ወንድሙ ሐኪም ቤት ተኝቶ ትኩሳቱ ለቆታል። «መሪጌታ ጥበቡ በዓርብ ጠዋት ውሃ ሲጠጡ አየሁ ስለው አላመነኝም» አለኝ። «በማርያም አልሁት። እሳቸው ከጠጡስ ብሎ ቅሉን ተቀበለኝ።»

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እግሬ እንደሆነ አልተመለሰም፤ ቁስልም ሁለት ጊዜ ጀምሮኝ በጊዜ ስላየነው ዳነ። እግዚአብሔር ይመስገን። የተሸከሙኝን ጎረቤቶቼን፣ ሐኪሙንና ድሬሰሩን፣ አባ ወልደ ትንሣኤን አመሰግናለሁ። ስንዱን ለማመስገን የሚበቃ ቃል ግን ድጓውን ሁሉ አገላብጬ አላገኘሁም፤ እርጥቡን አመድ እያወቀች ስላላዋረደችኝ፣ የምትናገርበትንም ቀን ስላወቀች።

የኔ ብጤ በቤታችሁ ካለ፣ ሲወድቅ ወገቡን ሳታጥፉ በሳንቃ ላይ አንሡት። ወደማይሰማው ገላ ትኩስ ነገር አታስጠጉ። ቆዳውን በየቀኑ እዩ፤ ቀልቶ የማይመለስ ቦታ ካያችሁ በዚያ ጎኑ አታስተኙት። ካተኮሰው ለሐኪም እንጂ ለነገ አትተዉት። ሽንት ቢያመልጠው ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ አውሩት።

አባ የሰጡኝ ቀኖና በዚያው ትንሣኤ አብቅቷል። እኔ ግን በየሁዳዴው ዓርብ ወይራው ሥር ሆኜ አሁንም እጠጣለሁ፤ ከእስቴም ከስማዳም ቤታቸው በሽተኛ ያለባቸው ሰዎች ሊያዩኝ ይመጣሉና። መጥቶ ሊያየኝ ለማይችለው ይህን አንብቡለት፤ አንብባችሁ ስትጨርሱም ውሃውን አቅርቡለት።