ክንዴ ላይ የቀረ ዘፈን

ይህ ያጋጠመኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞጣ ከተማ በአንድ ሰርግ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰርግ አይቼ ብዙውን ረስቻለሁ። ይህኛው ግን የድሮ ጊታር በሰማሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

ያኔ ቢቸና ጤና ጣቢያ በላብራቶሪ ባለሙያነት እሠራ ነበር። ያደግሁት ሐዋሳ ስለሆነ ለአገሩ እንግዳ ነበርኩ። ዳዊት የሚባል፣ እንደኔው ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ጓደኛ ነበረኝ። ጊታር ይጫወታል። ከድሮው ሮክ ኤንድ ሮል በቀር ሙዚቃ ያለ አይመስለውም። አንድ ቀን፣ አባቶቻችን በሰፊ ሱሪና በሹል ጫማ ትዊስት የደነሱበትን ሙዚቃ የሚያነሳ ባንድ እናቋቁም ብሎ መጣ።

ሦስት ሆንን። ድራሙ ላይ የተቀመጠው እሱባለው፣ ልጅነቱን ደብረ ወርቅ በቆሎ ተማሪነት አሳልፎ፣ ኋላ ቢቸና በብረት ብየዳ የሚተዳደር ልጅ ነው። እኔ ቤዝ ጊታር የተሰጠኝ ጣቶችሽ ረጃጅም ናቸው ተብዬ ነው፤ ከዚያ በፊት ነክቼ አላውቅም። የባንዱን ስም «ሹል ጫማ» አልነው። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደን ከጉልበቱ በታች የሚሰፋ ሱሪ ስናሰፋ ሰውዬው «ለቴአትር ነው?» ብሎ ጠየቀን።

መጀመሪያ ሰው ሳቀብን። ቀስ በቀስ ግን ለትምህርት ቤት በዓል፣ ለምርቃት፣ ለሰርግ ይጠሩን ጀመር። አንዳንዴ እስከ ደጀን እንሄድ ነበር። የአገሩ ዘፈን ተዘፍኖ ሰዉ እስክስታ ሲወርድ ይቆይና፣ ሲደክመው እኛ እንገባለን። ወጣቱ ይዘላል፤ ትልልቆቹ ቁጭ ብለው ያዩናል።

የሞጣው ሰርግ ግንቦት ላይ ነበር። ከቀትር በኋላ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሳለ፣ ዳዊት ፈጠን ያለ ትዊስት ጀመረ። የሙሽራዋ አጎት ናቸው የተባሉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከድንኳኑ ጥግ ተነሡ። ሊወጡ ነው ብዬ ነበር። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አኖሩና ወደ መሀል ገቡ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ጉልበታቸው ሰበር፣ ወገባቸው ዞር፣ ፊታቸው ግን ኮስተር እንዳለ። እኛ በቪዲዮ እያየን የምንሞክረውን እሳቸው ኖረውበታል። ድንኳኑ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። እሱባለው በሳቅና በድንጋጤ የድራሙ ዱላ ከእጁ አመለጠው።

ስናርፍ ወደ እኛ መጡ። ጋሽ መኳንንት ይባላሉ፤ እህል ነጋዴ ናቸው፤ የሰበካ ጉባኤም አባል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጦር ክፍል ባንድ ጊታር ይጫወቱ ነበር።

«ዘመኑ ሲገለበጥ ባንዱ ተበተነ። እኔም ወዳገሬ ገባሁ፤ በቃ» አሉን።

ባለቤታቸው እትዬ የሺ አጠገባቸው ቆመው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። «ስንት ዓመት አብረን ስንኖር አንዲት ቀን እንኳ አልነገረኝም!» አሉ።

«አልጠየቅሽኝማ» አሏቸው ጋሽ መኳንንት።

ከዚያ ወደ ዳዊት ዞረው፣ «የራሴ የሆነች አንዲት ዘፈን አለችኝ። ሳትቀረጽ ቀረች። ማንም አያውቃትም» አሉ።

«ለማን ነበር የዘፈንካት?» አሉ እትዬ የሺ።

«ላንቺ ነው እንዳልልሽ ያኔ አላውቅሽም።»

ሁላችንም ሳቅን። ዳዊት ጊታሩን ሰጣቸው። ገና ክሩን ሲነኩት ጣታቸው አልታዘዝ አላቸውና መለሱለት። «እንዲህ አበላሽቼ አላሰማችሁም። ልለማመድ። የሰኔ ጾም ሲፈታ ኑና ቅረጿት» አሉን። እኔ «ግዴለም፣ ትንሽ ያንጎራጉሩልን» ብዬ ስልኬን አውጥቼ ነበር። ዳዊት ግን በጥሩ ማይክ፣ በደንብ ይቀረጽ አለ። ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩት። መለማመጃ እንዲሆናቸው ዳዊት አሮጌ ጊታሩን ተወላቸውና መጣን።

ጾሙ ተፈታ። እኛ ማይክ እስክንዋስ ትንሽ ዘገየን። ከዚያ ግጭት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። ያን ጊዜ አገሩ ውስጥ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ቅርብ ያለ ከተማ ሌላ አገር ሆነ። ዳዊት ዝውውር አግኝቶ ወደ አዳማ ሄደ። «ሹል ጫማ» ሳይሰናበት እንዲሁ ቀረ።

መኪና መሄድ ሲጀምር እሱባለውና እኔ ሞጣ ሄድን። በሩን የከፈቱልን እትዬ የሺ ናቸው። ገና ሲያዩን አለቀሱ።

ጋሽ መኳንንት ስትሮክ መትቷቸው ነበር። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ መናገርም ተስኗቸዋል። አልጋቸው ጎን ተቀመጥኩ። አወቁኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ድምፅ ግን አንድ ዓይነት ማቃሰት ብቻ ነበር።

ከዚያ በግራ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። ሰላምታ መስሎኝ ነበር። ጣቶቻቸው ግን ይጫኑኛል፣ ይነሣሉ፣ ቦታ ቀይረው ደግሞ ይጫኑኛል።

«ኮርድ ነው! ክንድሽን እንደ ጊታር አንገት ይዘውታል!» አለ እሱባለው። «ዘፈኗን እየነገሩሽ ነው!»

እንደገና፣ እንደገና አስደገምኳቸው። እያንዳንዱን ኮርድ ያዝኩት። ዜማውንና ግጥሙን ግን ክንድ አይናገርም። ወደ እትዬ የሺ ዞርኩ።

«እኔን አትጠይቂኝ ልጄ» አሉ። «እህል ማስቀመጫው ቤት ገብቶ ይለማመድ ነበር። ስቀርብ ዝም ይላል። ‹ሲያምርልኝ ትሰሚያታለሽ› ይለኛል። እኔም ደስ ይበለው ብዬ ፈቀቅ እል ነበር።»

ተነሥቼ ከእትዬ የሺ ጎን ተቀመጥኩ።

ጋሽ መኳንንት ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ለዳዊት በስልክ ነገርኩት። «ኮርዶቹ ካሉ አዲስ ዜማ እንሥራባቸውና በስማቸው እናውጣት» አለኝ። አሁንም በደወለ ቁጥር ያነሳብኛል። ክፋት የለበትም፤ እሱም እንደኔው ጸጽቶት ነው።

እኔ ግን እስከ ዛሬ እሺ አላልኩትም። ከሥራ ስመለስ ቤዙን አነሳና እነዚያን ኮርዶች በተራ እጫወታቸዋለሁ። ቆንጆ ናቸው። በላያቸው ምን ይዘፍኑ እንደነበር ለመገመት እሞክራለሁ፤ አንዳንዴም የሆነ ዜማ አፌ ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ አቆማለሁ። የኔ ዜማ የሳቸውን ቦታ ይወስድብኛል ብዬ እፈራለሁ።